በዘጠኝ ሰዓት

ኤፕሪል 6 ቀን 2025

ለልጄ ለፌቨን፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀሽ ሰው ዛሬ ተነሥቶ እንደምን ሰነበትሽ ቢልሽ ያሾፈብሽ ይመስላል። ደህና መሆንሽን ከአክስትሽ ከየዓለምወርቅ ሰምቻለሁ ብዬ ልለፈው።

«ድምፁን መስማት አልፈልግም፤ የሚለው ካለው ይጻፍ» ማለትሽንም ነግራኛለች። ፍርድሽ ልክ ነው። በስልክ ቢሆን ማልቀሴ አይቀርም ነበር። ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ሚስባህ ነው፤ የሥልጤ ሰው፣ የሱቅ ሸሪኬ። በየሁለት ሳምንቱ ዕቃ ሊጭን ጆበርግ፣ የአበሻ ሱቆች ያሉበት ጄፒ ድረስ ይመጣል። አክስትሽ ሱቅ ያስቀምጥልሻል፤ ያንቺም ካለ ይዞልኝ ይመለሳል።

ቀኑን በፈረንጅ የጻፍኩት ለአንቺ እንዲቀልሽ ብዬ ነው። እዚሁ ተወልደሽ እዚሁ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ በየካቲትና በመጋቢት ላደናግርሽ አልፈልግም።

የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለምን አሁን?» ነው ያልሽው። እርጅና ነው በይው። ሰው ሃምሳ ስምንት ሲሞላው ቁጭ ብሎ የሚያስበው ይበዛል፣ እኔ ደግሞ ቁጭ የምልበት ቦታ አላጣሁም። ያለሁባት ከተማ ከጆበርግ በታክሲ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። ዙሪያዋ ሣር ብቻ ነው። ሜዳው ጠፍጣፋ ከመሆኑ የተነሣ የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ይታያል። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ማደያ፣ የበቆሎ ጎተራና አንድ መናፈሻ አላት። ሱቃችን ከመናፈሻው ፊት ለፊት ነው። መናፈሻው ድሮ ጥቁር የማይገባበት ነበር አሉ፤ በኋላ ሁሉም ገባና የሚንከባከበው ጠፋ። አግዳሚዎቹን ለብረታቸው ነቅለው ወሰዷቸው፤ ዥዋዥዌው በአንድ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከሱቅ በጎማ ውሃ እየሳብኩ ዛፎቹን ማጠጣት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ይህ ያንተ ፓርክ አይደለም አሉኝ። ልክ ናቸው፣ የእኔ አይደለም። ማጠጣቱን ግን አልተውኩም።

ስለ መናፈሻ የማወራሽ ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም። ስምንት ዓመት በሞላሽ ቀን የታንኳዎቹ ፓርክ ጠብቂኝ ብዬሽ ሳልመጣ ቀረሁ። ኦሬንጅ ፋርም ያለው ሱቄ የተዘረፈ ሰሞን ነበር፤ ባዶ እጄን ፊትሽ መቆም አፈርኩ። የአንድ ቀን እፍረት ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት ሆነ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ይህን የምጽፈው እንድትምሪኝ አይደለም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው።

አባትሽ ደመቀ


ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ደመቀ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። የፊደል ስሕተት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ከእማዬና ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ቀኑን በአበሻ የጻፍኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። እማዬ «ለአበሻ ሰው ስትጽፊ በአበሻ ቁጠሪ፤ ሰውየው ሃምሳ ዓመት ውጭ አገር ቢኖር ልቡ የሚቆጥረው በዚያ ነው» ትለኝ ነበር።

በሚስባህ በኩል በቃል የላኩትን ጥያቄ ልመልስ። አዎ፣ እማዬ ስታርፍ አጠገቧ ነበርኩ። ሁለት ዓመት አልፏታል። ስለ እርስዎ ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ ደግም አልተናገረችም። የተቀበረችው እዚሁ ጆበርግ ነው። አበባ አይላኩ።

እርስዎ ስለዚያ ቀን ሁለት መስመር ጽፈው አለፉት፤ እኔ ልጨርስልዎ። አዲስ ነጭ ጫማ ነበር ያደረግሁት። እማዬ ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፋ ኬኩን በሳፋ ከድናው ነበር። ጓደኞቼ ኬክ እንቁረጥ ሲሉ አባቴ ይምጣ አልኩ። ወላጆቻቸው እየጠሯቸው አንድ በአንድ ሄዱ። እማዬ መንገድ ዘግቶበት ነው፣ መንገድ ዘግቶበት ነው እያለች ትደጋግም ነበር። ታንኳ የሚያከራየው ሽማግሌ ታንኳዎቹን በሰንሰለት ሲያስር አየን፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄድን። ኬኩን በማግስቱ ለጎረቤት ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ፓርክ አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቼ ብራይ ሲያዘጋጁ፣ ሥጋ ጠብሰው ሣር ላይ ሲጫወቱ፣ እኔ አሳይመንት አለብኝ እላለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ አሁንም ሣር ላይ ስቀመጥ ዓይኔ በር በሩን ያያል።

እፍረቱ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ያን ቀን የት ነበሩ? ሙሉ ቀኑን ማለቴ ነው።

ፌቨን


ሜይ 4 ቀን 2025

ልጄ ፌቨን፣

ጥያቄሽን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ሚስባህ የበላህ ነገር አለ ወይ እስኪለኝ ድረስ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርሽ።

መጥቼ ነበር። ባለፈው አልመጣሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። ከአጥሩ ወዲያ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ ነበር። ነጭ ጫማሽን አይቻለሁ። ኬኩ የተከደነበትን ሳፋም አይቻለሁ። ገብቼ ምን ልበል? ሱቁ ሄዷል፣ የቤት ኪራይ የለኝም፣ ለልደትሽ አንድ ከረሜላ አልያዝኩም። ትንሽ ቆይቼ እገባለሁ አልኩ። እንደዚያ እያልኩ እናትሽ ነጠላውን አራግፋ ስታጥፍ አየሁ። ያኔ መግባት ሳልገባ ከቀረሁትም በላይ ከበደኝ። ከዚያች ቀን በኋላ እናንተ ቤት ደጅ የምቆምበት ፊት አጣሁ። እናትሽ ሰርክአዲስ ይህን ሳታውቅ አረፈች። አንቺ ግን እወቂው፤ አለመምጣት ከዚህ ይሻል ነበር።

አሁን ልለምንሽ ነው። አንድ ቀን ስጪኝ። እዚያው ፓርክ፣ ታንኳዎቹ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ፣ ሜይ 31፣ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት። ሙግት የለ፣ ልቅሶ የለ። ያኔ የጠበቅሽኝ አንቺ ነበርሽ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጠብቅሽ። አጠገቤ ሳትቀመጪ ቆመሽ አይተሽኝ ብትሄጂም ይበቃኛል።

ሚስባህ ስለ ጤናዬ የሚያወራልሽ ነገር ካለ አትስሚው። እሱ በጉንፋን ቀባሪ የሚጠራ ሰው ነው። እዚህ ብርዱ ገብቷል፣ ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ ለዛፎቹ እሰጋለሁ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።

አባትሽ


ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

«አንተ» ልልህ ነው። እርስዎ እያልኩ ስጽፍ ለትምህርት ቤት ዳይሬክተር ማመልከቻ የማስገባ መሰለኝ።

ከአጥሩ ወዲያ መቆምህን ሳነብ ደብዳቤውን ወርውሬው ነበር። ከዚያ አነሣሁት። ያለመምጣትህን አሥራ ሦስት ዓመት ለምጄዋለሁ፤ ቆመህ እያየኸኝ መሆኑ ግን አዲስ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትንሽ ቀለለኝ። ቢያንስ ጫማዬን አይተኸዋል።

ያልከኝን ለአክስቴ አልነገርኳትም። ብነግራት እባብ ያየ በልጥ በረየ ብላ ታስቀረኛለች። ሙሽራዋ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው እኔም ፊትህን ሳላይ አላምንህም፤ ግን እመጣለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ብለሃል፣ በዘጠኝ ሰዓት እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ፈተና እጀምራለሁ፤ እስከ ጁን አጋማሽ ሌላ ቀን የለኝም።

ስጦታ አታምጣ። የምታመጣው ከሆነ የዛፎችህን ስም ጽፈህ አምጣ፤ ስለ እነሱ ብናወራ ይቀለናል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ። አንድ ጊዜ ነው። ባትመጣ ደብዳቤህን ዳግመኛ አልቀበልም፤ ሚስባህም በከንቱ አይድከም። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የምችለው አይመስለኝም።

ፌቨን


ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ደመቀ፣

ይህ የመጨረሻዬ ነው።

ትናንት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ጥናት አለኝ ብዬ አክስቴን ዋሽቼ ነው የወጣሁት፤ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ የእማዬን ሹራብ ለብሼ። ይለየኛል ብዬ። አግዳሚው ላይ የነበረ የብርቱካን ልጣጭ ጠራርጌ ተቀመጥኩ። የከሰዓቷ ፀሐይ ደስ ትል ነበር። ሽበት ያለበት ሰው በመጣ ቁጥር ተነሣሁ። አንዱ ሰውዬ ያወቀኝ መስሎት ሰላም አለኝ።

ዘጠኝ አለፈ፣ አሥር አለፈ። ከዚያ እንደ ሞኝ ተነሥቼ አጥሩን ዞርኩ። እንደለመዱት ከወዲያ ቆመው እንደሆነ ብዬ መኪና ማቆሚያው ጋ ያለውን ሰው ሁሉ አየሁ። አንዱ ጥበቃ ምን ጠፋብሽ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ጠልቃ ታንኳዎቹ እስኪታሰሩ ድረስ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ትናንት ብቻዬን ነበርኩ። እርስዎ ሰው አይደሉም ለማለት ነበር የተቀመጥኩት፤ ግን ሰው ነዎት፣ ለዚህም ነው የሚያመው። ዛፎችዎን ያጠጡ። እነሱ ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ ይስማሙዎታል።

አባት የለኝም ብዬ ያደግሁት ልክ ነበር። ከእንግዲህም አልጽፍም።

ፌቨን


ጁን 1 ቀን 2025

ልጄ ፌቨን፣

አይዞሽ፣ አልተቀየምኩም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሌላውን ሳታነቢ ብታጥፊው እንኳ ይህቺ እንድትደርስሽ ነው።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ በመጀመሪያዋ ታክሲ መጣሁ። ስደርስ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ፓርኩ ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ ነው፤ ውሃው ብቻ ያነሰ መሰለኝ፣ ወይም እኔ አርጅቼ ይሆናል። አግዳሚውን በመሐረቤ ጠርጌ ለአንቺ የሚሆን ቦታ ትቼ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሲሆን ሸሚዜን አስተካከልኩ። የሚሮጡ ሰዎች፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ፣ የጸሎት ነጭ ልብስ የለበሱ ሴቶች አለፉ። አንዷ ቀጠን ያለች ልጅ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ ልቤ ቆመ፤ አንቺ አልነበርሽም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስባህ የቋጠረልኝን ብርቱካን በላሁ። ልጣጩን እዚያው ትቼው ነው የሄድኩት፤ መናፈሻ የሚንከባከብ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ያሳፍራል፣ ግን ቅርጫቱ ራቅ ይል ነበርና መነሣት ከበደኝ። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ወደ እኛ የምትመጣው የመጨረሻዋ ታክሲ ከሞላች ሌላ የለም። በሩ ጋ ደርሼ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

አምስት ሰዓት መጠበቅ ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ እንዲህ ከከበደኝ ባለ ነጭ ጫማዋ እንዴት ቻለችው አልኩ። አለመምጣትሽ ፍርድ ነው፤ ልክ ፈርደሻል። ከአጥሩ ወዲያ ቆመሽ አይተሽኝ ከሆነ ደግሞ ብድር መልሰሻል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ።

ሌላ ደብዳቤ አልቀበልም ያልሽው እኔ ባልመጣ ነበር። አንቺ ከቀረሽስ ምን እንደሚሆን አላልሽም። ስለዚህ እጽፋለሁ። የዛፎቹን ስም ጽፌ ይዤልሽ ነበር፤ ከዚህ ጋር አለ። ሦስቱን ስማቸውን ስለማላውቅ የሰፈር ልጆች የሚጠሯቸውን ጻፍኩልሽ።

ፈተናሽ ይቅናሽ። ብርዱን ተጠንቀቂ።

አባትሽ


ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፌቨን፣

አላህ ያጽናሽ። አማርኛ በትምህርት ቤት ነው ያወቅሁት፤ በደንብ ባልጽፍ ሐዘኔ ያነሰ እንዳይመስልሽ።

መርዶውን አክስትሽ ዓርብ ዕለት፣ ፈተናሽን በጨረስሽ ቀን እንደነገረችሽ ሰማሁ። የመጨረሻ ደብዳቤውንም ያኔ ነው የሰጠችሽ። ሁሉንም ያዘገየነው እኛ ነን። ጋሽ ደመቀ ያረፈው ረቡዕ፣ ጁን 4 ነው። እኔ በዚያው ቀን ጄፒ ዕቃ እየጫንኩ ነበር። የእሱን ደብዳቤ ለአክስትሽ ሰጥቼ፣ አንቺ ለእሱ የላክሽውን ተቀብዬ ስመለስ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤቶች ሆስፒታል ወስደውት ነበር፤ አልደረስኩበትም። ለአክስትሽ ስደውል «ልጅቱ ፈተና ላይ ናት፣ ዓመቷ ይበላሻል፣ እስክትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለችኝ። በአገራችን ደንብ ነው ብዬ እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ቀብሩን አሳለፍንብሽ። ይቅር በይኝ።

ልቡ ታሞ ነበር። ሐኪሙ በፌብሩዋሪ ነው የነገረው፤ ረጅም መንገድም ከልክሎታል። ለአንቺ እንዳልነግር አስምሎኛል። «አዝና ሳይሆን ፈቅዳ ትምጣ» ነው ያለኝ።

ቀብሩ እዚሁ ሆነ። ቄሱ ከጆበርግ መጡልን። ልቅሶ የሚቀመጡበት ቤት አልነበረንም፤ የእኛ ክፍል ከሱቁ ጀርባ ሁለት አልጋ ነው የምትይዘው። መናፈሻው ውስጥ ሸራ ወጠርን። እኔ የማስበው ከየሱቁ የሚመጡትን አሥር አበሾች ነበር። የከተማው ሰው ወጣ። የፕላስቲክ ወንበር ራሳቸው ላይ ተሸክመው መጡ። ያንተ ፓርክ አይደለም ያሉት ሴቶች ሦስት ቀን ድስት ጥደው አዋሉን። በእኛ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ እነሱ ይዘምራሉ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሟች ኦርቶዶክስ፣ ዘማሪዎቹ ዙሉና ሶቶ፤ አንዱም አልተጣላም።

ደብዳቤሽ እንደታሸገ ነው፣ ይኸው ላክሁልሽ። ለሞተ ሰው የተጻፈ ለሌላ አይነበብም አልኩ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጆበርግ ሲሄድ «በየትኛው ዘጠኝ ነው የቀጠርካት?» ብዬው ነበር። ሳቀብኝ። «ልጄ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ በአገሯ ሰዓት ነው የምትመጣው፣ በጠዋት» አለኝ። ሲመለስ ግን አልመጣችም አለኝ። አንቺ በየትኛው ነው የሄድሽው?

ሚስባህ


ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሚስባህ፣

ስለ ሸራው፣ ስለ ቄሱም፣ ሦስት ቀን ስለ መቀመጥዎም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተቀየምኩት በእርስዎ አይደለም። ከአክስቴ ጋር ግን ገና አልታረቅንም። እኔን ለማዳን ብላ ነው ያደረገችው፤ ሁላችንም አንዳችን ለአንዳችን ብለን ነው የምናደርገው።

በአባቴ ዘጠኝ ነው የሄድኩት። ደብዳቤው አማርኛ ነው፣ የጻፈው የአገር ቤት ሰው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ አንድ ጊዜም አልተጠራጠርኩም። ከጓደኞቼ አንዷ ዘጠኝ ብትለኝ በጠዋት ነበር የምሄደው። እሱ ስለ እኔ ብሎ በእኔ ቆጠረ፣ እኔ ስለ እሱ ብዬ በእሱ ቆጠርኩ። በዚህ አገር ሰዓት እሱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ልጣጩን ከአግዳሚው የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ገና እርጥብ ነበር።

ደብዳቤዬን ሳይከፍቱ ስለመለሱልኝ መጀመሪያ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ውስጡ የጻፍኩት ነገር ለአባት የሚጻፍ አይደለም። አላነበበውም አልኩ፣ ዳነ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ነው ሌላው የገባኝ። መምጣቴም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ስድቡን ካላነበበ እሱንም አላነበበም። ልጄ ቀረችብኝ ብሎ ነው የሄደው፤ ልክ ፈርዳለች ብሎ። እኔ እኮ አልፈረድኩም፣ ጋሽ ሚስባህ። ጸጉሬን ተሠርቼ ነው የሄድኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በመጀመሪያዋ ታክሲ እመጣለሁ። አክስቴም አብራኝ ትመጣለች፤ መንገድ ላይ እንታረቅ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይሥሩልኝ። እምነትዎ የሚከለክልዎት ከሆነ ይንገሩኝ፣ አላስቸግርዎትም። መቃብሩ ጋ ይሂዱና ጮክ ብለው፣ በአማርኛ፣ ልጅህ መጥታ ነበር ይበሉት። እኔ ብነግረው ላጽናናው ብዬ የዋሸሁት ይመስለዋል። እርስዎን ግን ያምናል።

ፌቨን